የሲስተም ዲኤፍ ትእዛዝ ፍተሻ

ሲስተም ዲኤፍ ዶከርና ፖድማን በተባሉት የኮንቴይነር መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኝ ትእዛዝ ሲሆን፣ ኢሜጆች፣ ኮንቴይነሮችና ቮልዩሞች በዲስክ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ይዘግባል። የትእዛዙ ፍተሻ ማለት የሚታየው ቁጥር በዲስኩ ላይ ካለው እውነታ ጋር መስማማቱን፣ አስቀድሞ በተዘጋጀና ሊደገም በሚችል ሁኔታ ማረጋገጥ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ከሌላ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ሆኖም አንድ ፋይል በሁለት ኢሜጆች በጋራ ሲያዝ «ቦታው በማን ስም ይቆጠር?» ለሚለው ጥያቄ ከአንድ በላይ ተቀባይነት ያለው መልስ አለ። ስለዚህ ፈታሹ ማነጻጸር ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩ ምን ለማለት እንደታሰበ መወሰን ይኖርበታል።

ዘገባው ለመረጃ ያህል ብቻ የሚነበብ አይደለም። ሰዎች ይህን ትእዛዝ የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ ሲሞላ ነው፤ ከዚያም «ነፃ ሊወጣ የሚችል» የሚለውን ዓምድ አምነው ሲስተም ፕሩን በተባለው የማጽጃ ትእዛዝ ያጠፋሉ። ዘገባው ካጋነነ የተጠበቀው ቦታ አይገኝም። ቮልዩም ላይ የተጻፈው ቁጥር በተሳሳተ መንገድ ከተረዳ ደግሞ የሚጠፋው የዳታቤዝ ፋይል ሊሆን ይችላል።

ስያሜና ታሪክ

ስሙ የመጣው ከዩኒክስ ነው። ዲኤፍና ዲዩ የተባሉት ትእዛዞች በ1971 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዩኒክስ የመጀመሪያ እትም ጀምሮ ነበሩ። ዲኤፍ የፋይል ሥርዓቱን ራሱን ጠይቆ ስንት ቦታ እንደተያዘና ስንት እንደቀረ ይናገራል፤ ዲዩ ግን በየፎልደሩ እየዞረ የፋይሎችን መጠን ይደምራል። የኮንቴይነሩ ትእዛዝ ስሙን ከዲኤፍ ቢወስድም በአሠራሩ የሚቀርበው ለዲዩ ነው። ስለ ዲስኩ ቀሪ ቦታ የሚናገረው ነገር የለም፤ መሣሪያው በመዝገቡ የሚያውቃቸውን ነገሮች ብቻ ይደምራል። የሁለቱ ቁጥሮች አለመግጠም በራሱ ስህተት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ዶከር ለሕዝብ የተዋወቀው በማርች 2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሲስተም ዲኤፍና ሲስተም ፕሩን ግን የመጡት በጃንዩዌሪ 2017 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 1.13 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ተጠቃሚዎች ያረጁ ኢሜጆችን የሚያጸዱት በርካታ ትእዛዞችን በአንድ መስመር እያገናኙ ነበር። ሬድ ሃት የሚያዘጋጀው ፖድማን፣ እትም 1.0 በጃንዩዌሪ 2019 እ.ኤ.አ. የወጣለት፣ ከጀርባ የሚሠራ ቋሚ ሰርቪስ ሳይፈልግ የዶከርን ትእዛዞች በተመሳሳይ ስም የሚያቀርብ መሣሪያ ነው፤ ሲስተም ዲኤፍም በውስጡ አለ።

የዘገባው ይዘት

የዶከር ዘገባ ለኢሜጆች፣ ለኮንቴይነሮች፣ በማሽኑ ላይ ላሉ ቮልዩሞችና ለቢልድ ካሽ አንድ አንድ ረድፍ ይሰጣል። በየረድፉ ጠቅላላ ብዛት፣ «አክቲቭ» የሆኑት ብዛት፣ መጠንና ነፃ ሊወጣ የሚችለው ቦታ ይታያል። ዝርዝር የሚያሳየው አማራጭ ሲጨመርበት እያንዳንዱ ኢሜጅ ለብቻው የያዘውንና ከሌሎች ጋር የሚጋራውን መጠን ለያይቶ ያቀርባል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር «አክቲቭ» የሚለው ቃል በየረድፉ ትርጉሙ የሚለያይ መሆኑ ነው። ኮንቴይነር አክቲቭ የሚባለው እየሠራ፣ ለጊዜው ቆም ተደርጎ ወይም እንደገና እየተነሣ ሲሆን ነው። ኢሜጅ ግን በእሱ የተፈጠረ ማንኛውም ኮንቴይነር እስካለ ድረስ፣ ኮንቴይነሩ የቆመም ቢሆን፣ አክቲቭ ነው። ቮልዩምም እንደዚሁ፤ የቆመ ኮንቴይነር ከያዘው አክቲቭ ነው። ስለዚህ አንድ ኮንቴይነር ከአንድ ቮልዩም ጋር ተፈጥሮ ቢቆም ትክክለኛው ዘገባ ለኢሜጅ 1፣ ለኮንቴይነር 0፣ ለቮልዩም 1 ነው። ይህን ሁኔታ የማያካትት ፍተሻ ሦስቱን ደንቦች ያደባለቀ ኮድ ቢመጣለት አይቶ ያልፈዋል።

የጋራ ሌየሮች ችግር

ኢሜጅ አንድ ወጥ ፋይል አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ሌየሮች ስብስብ ነው። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት ኦቨርሌይ የተባለው የፋይል ሥርዓት ከእትም 3.18 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ኢሜጆች በአንድ መሠረት ላይ ከተሠሩ መሠረቱ በዲስክ ላይ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

80 ሜጋባይት የሆነ መሠረት እንውሰድ፤ መሠረቱ ራሱ ስም ተሰጥቶት በኢሜጆች ዝርዝር ውስጥ አልገባም እንበል። በዚህ መሠረት ላይ አንደኛው ኢሜጅ 20 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው 50 ሜጋባይት ይጨምራሉ። የኢሜጆች ዝርዝር 100 እና 130 ብሎ ያሳያል፤ ድምሩ 230 ይሆናል። በዲስክ ላይ ያለው ግን 80 ሲደመር 20 ሲደመር 50፣ ማለትም 150 ብቻ ነው። የመጀመሪያው የፍተሻ ጥያቄ ሲስተም ዲኤፍ 150 ይላል ወይስ 230 የሚለው ነው። 230 ካለ የጋራውን ሁለት ጊዜ ቆጥሯል።

ከዚህ የሚከብደው ነፃ ሊወጣ የሚችለው ቦታ ነው። ከአንደኛው ኢሜጅ የተፈጠረ ኮንቴይነር አለ፣ ሁለተኛው ግን ማንም አይጠቀምበትም እንበል። ሁለተኛው ኢሜጅ ቢጠፋ የሚለቀቀው 50 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ መሠረቱ ለአንደኛው ያስፈልጋልና። ዶከር ለዓመታት በተጠቀመበት ስሌት ግን «በጥቅም ላይ ያለ» ተብሎ የሚደመረው አክቲቭ ኢሜጆች ለብቻቸው የያዙት ቦታ ብቻ ነበር። በምሳሌው ይህ 20 ሜጋባይት ነው፤ ቀሪው 130 ሜጋባይት ነፃ ሊወጣ የሚችል ተብሎ ይዘገባል። ከጠቅላላው 86 በመቶ መሆኑ ነው፤ መቶኛው የሚሰላው በሙሉ ቁጥር ክፍፍል ስለሆነ ትርፉ ወደ 87 ሳይጠጋ ይቆረጣል።

ቀጥሎ የሚሆነው ደግሞ የበለጠ ግራ የሚያጋባ ነው። ሁለተኛው ኢሜጅ ሲጠፋ ዲስኩ 50 ሜጋባይት ያገኛል። አሁን መሠረቱን የሚጋራ ሌላ ስለሌለ 80ው ሜጋባይት የአንደኛው ኢሜጅ የግል ንብረት ይሆናል፤ ዘገባውም ነፃ ሊወጣ የሚችለውን 0 ያደርገዋል። ከ130 ውስጥ 50 ተለቀቀ፣ 80 ግን ሳይለቀቅ ከዘገባው ተሰወረ። ተጠቃሚው የሆነ ነገር ሳይጠፋ እንደቀረ ያስባል። ኮዱን ያየ ሰው «ስሌቱ እንደተጻፈው ሠርቷል» ሊል ይችላል፤ የዓምዱን ርእስ ያነበበ ሰው ግን ተታልሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥሩ ፍተሻ የሚለካው ከኮዱ ጋር መስማማትን ሳይሆን ከርእሱ ጋር መስማማትን ነው፦ መጀመሪያ ዘገባውን ይይዛል፣ ቀጥሎ ያጠፋል፣ በመጨረሻም በዲስኩ ላይ በእርግጥ የተለቀቀውን ይለካል።

የፍተሻው አካባቢ

በሥራ ላይ ባለ ማሽን ላይ ይህን መፈተሽ አይቻልም። ቀድሞ የነበሩ ኢሜጆች ጠቅላላውን ቁጥር ያበላሹታል፤ ማጽጃው ትእዛዝም የሰው ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። ፖድማን የማከማቻውን ቦታ በትእዛዝ አማራጭ ስለሚቀበል ለፍተሻው ብቻ የሚሆን ባዶ ፎልደር መስጠት ቀላል ነው። በዶከር በኩል የተለመደው ዘዴ ዶከርን ራሱን በኮንቴይነር ውስጥ ማስነሣት ነው። ያም ሆነ ይህ የመጀመሪያው ፍተሻ ባዶውን ማከማቻ ማየት ነው፤ ሁሉም ረድፍ 0 ማሳየት አለበት። ይህ ዋጋ የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን መቶኛ የሚያሰላ ኮድ በዜሮ ሊያካፍል የሚችለው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ መጠኑ የታወቀ ኢሜጅ ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት የወረደ ኢሜጅ ለዚህ አይሆንም፤ አዘጋጁ ባደሰው ቁጥር መጠኑ ይለወጣል። የሚሻለው «ስክራች» ከተባለው ባዶ መነሻ ላይ አንድ ፋይል ብቻ የያዘ ኢሜጅ መሥራት ነው። ፋይሉ በዜሮ ከሚሞላ በዘፈቀደ ባይቶች ቢሞላ ይመረጣል፤ አንዳንድ የፋይል ሥርዓቶች መረጃን ስለሚያምቁ ዜሮ የሞላው ፋይል በዲስክ ላይ ወደ ምንም ሊጠጋ ይችላል። በኮንቴይነርዲ የኢሜጅ ማከማቻ ላይ የሚሠራ ዶከር የታመቀውንም የተፈታውንም ቅጂ ይይዛል፤ ስለዚህ ፍተሻው በየትኛው ማከማቻ ላይ እንደተካሄደ ሳይጠቀስ የሚጠበቀው ቁጥር ይህ ነው ማለት አይቻልም።

የመለኪያ አሃድ

ፍተሻዎች በከንቱ ከሚወድቁባቸው ምክንያቶች አንዱ አሃድ ነው። ዶከር መጠንን የሚያሳየው በ1,000 እያካፈለ ነው፤ ዲዩና ዲኤፍ ለሰው ንባብ በሚመች መልክ ሲጠየቁ የሚያካፍሉት በ1,024 ነው። ዲዲ በተባለው መሣሪያ 10 ሜጋ ተብሎ የተፈጠረ ፋይል በእርግጥ 10,485,760 ባይት ነው። ዲዩ 10 ሜጋ ይለዋል፣ ሲስተም ዲኤፍ ደግሞ 10.49 ሜጋባይት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በጊጋባይት ደረጃ ልዩነቱ 7 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ እውነተኛ የስሌት ስህተት የሚመስል መጠን ነው።

የሚታየው ቁጥር ተጠጋግቶ አራት አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ በጊጋባይት የሚቆጠር ማከማቻ ላይ የጥቂት ኪሎባይት ለውጥ አይታይም። ስለዚህ ፍተሻ ሰው ከሚያነበው ሠንጠረዥ ይልቅ ጥሬውን ባይት ቢያነብ ይሻላል። ፖድማን ውጤቱን በጄሰን ሲሰጥ ያልተጠጋጋውን ባይት ለብቻው ያካትታል። በዶከር በኩል ጥሬው ቁጥር የሚገኘው ከኢንጂኑ ኤፒአይ ነው። ሠንጠረዡን የሚፈትሽ ጥቂት ፈተና ግን መቅረት የለበትም፤ ተጠቃሚው የሚያየው እሱን ነውና።

በኮንቴይነር ውስጥ የሚጻፍ

ኮንቴይነር ሲነሣ በኢሜጁ ላይ አንድ የሚጻፍበት ሌየር ይጨመራል። በኮንቴይነሮች ረድፍ የሚቆጠረው ይህ ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ጠቃሚ ፈተናዎች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ከኢሜጁ የመጣውን 10,485,760 ባይት ፋይል በኮንቴይነሩ ውስጥ ማጥፋት ነው። ኦቨርሌይ ፋይሉን አያነሣውም፤ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት በላዩ ያስቀምጣል። ስለዚህ የኢሜጁ መጠን መቀነስ የለበትም፣ የኮንቴይነሩም ከዜሮ መራቅ የለበትም። ሁለተኛው በዚያው ፋይል መጨረሻ ላይ አንድ ባይት መጨመር ነው። ኦቨርሌይ መላውን ፋይል ወደ ላይኛው ሌየር ስለሚገለብጥ የኮንቴይነሩ መጠን በአንድ ባይት ፈንታ ከ10 ሜጋባይት በላይ ያድጋል። ለጀማሪ ተማሪ የኦቨርሌይን አሠራር ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ በግልጽ የሚያሳየው ይህ ሙከራ ነው።

ቮልዩሞችና የማጥፋት አደጋ

ቮልዩም ከኮንቴይነሩ ዕድሜ ውጭ እንዲኖር የሚፈለግ መረጃ የሚቀመጥበት ነው፤ ዳታቤዞች በብዛት እዚህ ይቀመጣሉ። ዘገባው ምንም ኮንቴይነር ያልያዘውን ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ነፃ ሊወጣ የሚችል አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ ለብዙዎች ያልታሰበ ውጤት አለው። አንድ ሰው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ያለበትን ፕሮጀክት በኮምፖዝ «ዳውን» ቢያወርደው ኮንቴይነሮቹ ይሰረዛሉ፣ ስም ያለው ቮልዩም ግን ይቀራል። ከአንድ ደቂቃ በፊት 0 በመቶ የነበረው የቮልዩሞች ረድፍ አሁን 100 በመቶ ነፃ ሊወጣ ይችላል ይላል። ቴክኒኩ ትክክል ነው፤ «ሊወጣ ይችላል» ማለት ግን «አያስፈልግም» ማለት አይደለም፤ ትእዛዙም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የማጽጃው ትእዛዝ ደንብ በየእትሙ ተለውጧል። ከ17.06.1 በፊት የነበሩ የዶከር እትሞች ሲስተም ፕሩን ሲባሉ ቮልዩሞችንም ያጠፉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቮልዩም እንዲጠፋ በአማራጭ መጠየቅ ግድ ሆነ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም 23.0 ደግሞ ስም የሌላቸው ቮልዩሞች ብቻ እንዲጠፉ ወሰነ። ዘገባው ግን ስም ያላቸውንም የሌላቸውንም አንድ ላይ ይደምራል። ስለዚህ ከ23.0 ወዲህ መጠናቸው እኩል የሆኑ አንድ ስም ያለውና አንድ ስም የሌለው ቮልዩም ተፈጥረው ኮንቴይነር ባይይዛቸው ዘገባው የሁለቱንም ድምር ነፃ ሊወጣ ይችላል ይላል፤ ማጽጃው የሚለቀው ግን ግማሹን ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ፈተና መኖሩ አስፈላጊ ነው፤ ወደፊት ሁለቱን ለማስማማት የሚሞክር ሰው በስህተት ማጽጃውን ወደ ዘገባው እንዳያስጠጋው ይጠብቃል።

የቅደም ተከተል ጉዳይም አለ። ሲስተም ፕሩን በመጀመሪያ የቆሙ ኮንቴይነሮችን ያጠፋል፣ ቮልዩሞችና ኢሜጆች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በዘገባው ጊዜ በቆመ ኮንቴይነር ተይዞ «አክቲቭ» የነበረ ቮልዩም ወይም ኢሜጅ፣ በዚያው አንድ ትእዛዝ መሐል ባለቤት አልባ ሆኖ ሊጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ ዘገባው ከእውነታው ያነሰ ቁጥር ሰጥቷል ማለት ነው። ከላይ በሌየሮች ምሳሌ ከታየው ማጋነን ጋር ሲታይ፣ ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ እንደሚችል መረዳት ይቻላል።

በቮልዩም ላይ የሚደረግ ሌላ ፈተና ክፍተት ያለበት ፋይል ነው። ትራንኬት በተባለው ትእዛዝ 1 ጊጋ የሚባል ነገር ግን ምንም ያልተጻፈበት ፋይል መፍጠር ይቻላል። ዲዩ የተያዙትን ብሎኮች ስለሚቆጥር ዜሮ ይላል። የዶከር ኮድ የፋይሉን የስም መጠን ስለሚደምር 1.074 ጊጋባይት ይላል። በአንጻሩ ሁለት ስም ያለው አንድ ፋይል፣ ማለትም ሃርድ ሊንክ፣ ሲያጋጥመው የአይኖድ ቁጥሩን አይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥረዋል።

ያልተቆጠረው

በዘገባው የማይገቡ ነገሮች አሉ። ከሁሉም የሚያስቸግረው የኮንቴይነሮች ሎግ ነው። ዶከር በመደበኛ ቅንብሩ የኮንቴይነሩን ውጤት በጄሰን ፋይል ይጽፋል፤ ለፋይሉም ከፍተኛ መጠን ካልተወሰነለት ያለ ገደብ ያድጋል። ሲስተም ዲኤፍ ይህን አይቆጥርም። ከማሽኑ በቀጥታ የተገናኙ ፎልደሮችም አይቆጠሩም። ዲስኩ ሞልቶ ሳለ ዘገባው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ የሚያሳይባቸው ጊዜያት ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ናቸው፤ የሚፈለገውም በዶከር ማከማቻ ፎልደር ውስጥ በዲዩ ነው። እነዚህ ነገሮች ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የንድፍ ውሳኔ ቢሆንም፣ አለመቆጠራቸውን የሚያረጋግጥ ፈተና ውሳኔውን በጽሑፍ ከማስቀመጥ እኩል ነው።

በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሥራዎች

ትእዛዙ ሁሉንም ነገር በአንድ ቅጽበት አይለካም። መጀመሪያ ይዘረዝራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይለካል። በመሐል አንድ ኮንቴይነር ቢሰረዝ ለመለካት ሲሄድ አያገኘውም። በዚህ ጊዜ መላው ዘገባ በስህተት ማቋረጥ አለበት ወይስ የጠፋውን አልፎ መቀጠል? ለተጠቃሚው የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ ፈተናውም ኮንቴይነሮችን በተከታታይ እየፈጠረና እያጠፋ ትእዛዙን ደጋግሞ በማስኬድ ይካሄዳል። የቆዩ የዶከር እትሞች ሌላም ገደብ ነበራቸው፦ አንድ ልኬት ሳያልቅ ሁለተኛ ከተጠየቀ የዲስክ አጠቃቀም ልኬት በመካሄድ ላይ ነው የሚል የስህተት መልእክት ይመልሱ ነበር። ትልልቅ ቮልዩሞች ባሉበት ሰርቨር ላይ ልኬቱ ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል፣ በየደቂቃው የሚጠይቅ የክትትል ፕሮግራም ይህን መልእክት በተደጋጋሚ ያገኘዋል።

የፖድማን ፕሮጀክት ፍተሻዎቹን በሁለት መንገድ ይጽፋል፤ አንዱ በጎ ቋንቋ ጊንክጎ በተባለው ማዕቀፍ፣ ሌላው በባሽ ላይ በተመሠረተው ባትስ። ለመማር የሚፈልግ ተማሪ በባትስ የተጻፉትን ቢያስቀድም ይቀለዋል፤ በተርሚናል ከሚጻፈው ትእዛዝ ብዙም አይለዩምና። የዲስክ ዘገባ ፈተናዎች ግን ከሌሎች ፈተናዎች ጋር ማከማቻ ተጋርተው ጎን ለጎን ሊሄዱ አይችሉም። ሌላው ፈተና በዚያው ቅጽበት አንድ ኢሜጅ ቢጨምር የሚጠበቀው ብዛትና መጠን ወዲያው ይዛባል። ስለዚህ ወይ ለብቻቸው በተራ ይካሄዳሉ፣ ወይ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማከማቻ ይሰጣቸዋል።